የጌንቱ የስድስት ቀን የብስክሌት ውድድር፦ ቲኬቱ ያዋጣል ወይ?

ነገር ሳላስረዝም፦ ያዋጣል። ግን ምን እየገዛችሁ እንደሆነ ካላወቃችሁ የመጀመሪያውን ሰዓት "ማን ነው የሚመራው? ይሄኛው ለምን ቆመ?" እያላችሁ ታሳልፉና ቢራችሁን ጠጥታችሁ ትወጣላችሁ። የአብዛኛው አዲስ ገቢ ዕጣ ይሄ ነው። ስለዚህ ስለ ወንበሩና ስለ መጠጡ ከማውራቴ በፊት ውድድሩ ከየት እንደመጣ ላውራ፤ ታሪኩን ሳያውቅ የገባ ሰው የቲኬቱን ግማሽ በከንቱ ነው የከፈለው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው።

መጀመሪያ ቦታው። ጌንት፣ ቤልጂየም፣ ሲታዴል ፓርክ ውስጥ ያለ ኩይፕከ የሚባል አዳራሽ ነው። ከጌንት ሲንት ፒተርስ ባቡር ጣቢያ በእግር ይደረሳል። ውድድሩ በኖቬምበር ወር ነው፣ ማክሰኞ ማታ ጀምሮ እሁድ ያልቃል። የእንጨቱ መም ዙሪያው 166.66 ሜትር ብቻ ነው፤ ስድስት ዙር ሲዞሩ ገና አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የኦሎምፒኩ መም 250 ሜትር ነው። በወረቀት ሲታይ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። እዚያ ቆሞ ለሚያየው ግን ሌላ ዓለም ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚበር ሰው አንዱን ዙር በ10 ሰከንድ ይጨርሰዋል። ከአንዱ ኩርባ በቅጡ ሳይወጣ ሌላው ኩርባ ይቀበለዋል። ኩርባው ደግሞ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ጠርዝ ቀጥ ብሎ ስለሚወጣ፣ ከታች ሆናችሁ ቀና ስትሉ ብስክሌተኞቹን ከጎን ነው የምታዩዋቸው፣ ሊወድቁብኝ ነው ብላችሁ ሸሸት እስክትሉ።

ብስክሌቱ ፍሬን የለውም። ፔዳሉም ከኋላ ጎማው ጋር አብሮ ነው የሚዞረው፤ ጎማው እስከተሽከረከረ ድረስ እግር አያርፍም። ይህን ይዛችሁ ጠብቁኝ።

አሁን ወደ ታሪኩ። ነገሩ የተጀመረው ለንደን ውስጥ በውርርድ ነው። በ1878 ዴቪድ ስታንተን የሚባል ብስክሌተኛ በስድስት ቀን ውስጥ 1,000 ማይል እነዳለሁ ብሎ 100 ፓውንድ አስያዘ። 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ያውም በዚያ የፊት ጎማው ሰው በሚያክለው አሮጌ ብስክሌት፣ ኢዝሊንግተን ባለው የእርሻ ኤግዚቢሽን አዳራሽ ውስጥ። ተሳካለት፣ ገንዘቡን በላ። በዚያው ዓመት መጨረሻ እዚያው አዳራሽ ብዙ ሰው የተሳተፈበት ውድድር ተዘጋጀና የሼፊልዱ ቢል ካን 1,060 ማይል ነድቶ አሸነፈ። ስድስት ቀን የሆነው በሌላ ምክንያት አይደለም፣ እሁድ የሰንበት ቀን ስለሆነ ነው። ሰባተኛውን ቀን እግዜር ባይከለክላቸው አዘጋጆቹ የሚተዉት አይመስለኝም።

ከዚያ አሜሪካኖቹ ተቀበሉት። ከ1891 ጀምሮ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ መካሄድ ጀመረ፤ እዚህ ጋ ነው ነገሩ ከስፖርትነት ወደ ስቃይ የተሻገረው። አንድ ሰው ብቻውን፣ ቀንና ሌሊት፣ እስከቻለ ድረስ ይነዳል። የተኛ ተበለጠ። በ1896 ቴዲ ሄል 1,910 ማይል ነዳ። በዓመቱ ቻርልስ ሚለር 2,093 ማይል ደረሰ፤ ከ3,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ሳምንት ባልሞላ ጊዜ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ክብ እየዞሩ። አሰልጣኞቹ ተወዳዳሪዎቹን በኮኬይንና ስትሪክኒን በሚባል መርዝ ነበር የሚያነቁት፤ ያኔ የሚከለክል ሕግ አልነበረም። ሕዝቡም የሚመጣው ውድድር ሊያይ ብቻ አልነበረም፣ ሰው ሲቃዥና ሲወድቅ ለማየትም ነው እንጂ።

ከነዚህ መሃል አንዱን ስሙን ያዙልኝ። ማርሻል ቴይለር፣ "ሜጀር" በሚለው ቅጽሉ ይበልጥ የሚታወቀው ጥቁር አሜሪካዊ። በ1896ቱ ውድድር ሲሳተፍ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በባሕርዩ የአጭር ርቀት ሰው ነው፣ ለስድስት ቀን የተፈጠረ ሰውነት አልነበረውም። ቢሆንም 1,732 ማይል ነድቶ ስምንተኛ ወጣ። እንቅልፍ አጥቶ አእምሮው እስኪዛባ ድረስ ነው የነዳው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በሚችለው በአጭሩ ርቀት። ጥቁር ስለሆነ ብቻ ስንት በር እየተዘጋበት ያንን መድረሱን ሳስብ ስድስት ቀኑ ቀላሉ ፈተና ሳይሆን አይቀርም እላለሁ።

በ1898 የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ አወጣ፦ ማንም ሰው በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይወዳደር። ውድድሩ በዚህ መሞት ነበረበት። አዘጋጆቹ ግን መላ አላጡም። ሕጉ "አንድ ሰው" ነው ያለው፣ እኛ ሁለት እናደርገዋለን አሉ። አንዱ ሲነዳ ሌላው ያርፋል፣ እያንዳንዱ 12 ሰዓት ይደርሰዋል፣ ውድድሩም 24 ሰዓት ይቀጥላል፣ ሕጉም አልተጣሰም። ሕግን በሕግ ጠለፉት። ዛሬ "ማዲሰን" የሚባለው የጥንድ ውድድር የተወለደው ከዚህ ብልጠት ነው፤ ስሙም የአዳራሹ ስም ነው። ፈረንሳዮቹ "አሜሪካን" ይሉታል። እኔን የሚገርመኝ ሕጉን ለመሸወድ የተፈጠረው ነገር ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ስፖርት ሆኖ መገኘቱ ነው። የደከመ ሰው ዝም ብሎ ሲዞር ማየት ቀረ። ሁለት ሰው ስለሚፈራረቅ ፍጥነቱ ጨመረ፣ ማምለጥ መጣ፣ ዙር መደረብ፣ ማለትም ሌላውን በሙሉ ዙር መብለጥ፣ መጣ።

አውሮፓ ውስጥ ሥር የሰደደው በ1909 በርሊን ላይ ነው። አሸናፊዎቹ ግን አሜሪካኖች ነበሩ፣ ፍሎይድ ማክፋርላንድና ጂሚ ሞራን። ብራስልስ በ1912፣ ፓሪስ በ1913 ቀጠሉ። ጌንት በ1922 ገባች፤ የመጀመሪያውን ማርሴል ቦይሰና ኦስካር ኤግ ወሰዱት። በዚያ ዘመን ውድድሩ እውነትም ቀንና ሌሊት ነበር። ከጥንዱ አንዱ ሁልጊዜ መሙ ላይ መሆን አለበት፤ ወደ ንጋት ተመልካቹ ሲያልቅ ግን ተወዳዳሪዎቹም ተስማምተው ቀስ እያሉ ይዞራሉ፣ ጋዜጣ እያነበበ የሚነዳም ነበር አሉ። ማታ ማታ ደግሞ ሀብታሙ ከጠረጴዛው ተነስቶ "ለሚቀጥለው ዙር አሸናፊ ይሄን ያህል ብር" ብሎ ያስነግራል፣ እነሱም ይሯሯጣሉ። ድግሱና ውድድሩ አብረው ያደጉት እንደዚህ ነው። ዛሬ ጌንት ገብታችሁ "ምንድነው ይሄ ሁሉ ሙዚቃና መጠጥ፣ ስፖርት አይደለም እንዴ?" የምትሉ ከሆነ መልሱ እዚህ ጋ ነው። አዲስ አመል አይደለም፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው።

የፓሪሱን አዳራሽ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቬል ዲቭ ይባል ነበር፣ የስድስት ቀን ውድድር ከታወቀባቸው ቤቶች አንዱ። በጁላይ 1942 የፈረንሳይ ፖሊስ አይሁዶችን ከየቤታቸው ለቅሞ ወደ 8,000 የሚሆኑትን እዚያ አጎራቸው፤ ከ4,000 በላይ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ወደ ሞት ካምፕ ተላኩ። አዳራሹ ከጦርነቱ በኋላም ውድድር ሲያስተናግድ ቆይቶ በ1959 ፈረሰ።

የጌንቱ አዳራሽም ያለፈበት አለ። በ1962 ተቃጠለ። እንደገና ተሠርቶ በ1965 ሲከፈት የስድስት ቀኑን ውድድር ያሸነፉት ሁለት ጎረምሶች ነበሩ፦ ኤዲ መርክስና ፓትሪክ ሰርኩ። ቱር ደ ፍራንስን አምስት ጊዜ ያሸነፈውን መርክስን ብስክሌት የማያውቅ ሰውም ያውቀዋል። የዚህ ቤት ጌታ ግን ሰርኩ ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ በአንድ ኪሎ ሜትር የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደ፣ ከዚያ በዕድሜው 88 የስድስት ቀን ውድድር አሸነፈ፣ ከነዚህ 11ዱ ጌንት ናቸው። 88! አውስትራሊያዊው ዳኒ ክላርክ 74 ላይ ነው የቆመው። ያን ያህል ውድድር ዛሬ ለመሮጥ እንኳን የለም፣ ለማሸነፍ ይቅርና። ሰርኩ መንዳቱን ካቆመ በኋላም የጌንቱን ውድድር ለብዙ ዓመት መርቷል። በ2019 አረፈ።

እሺ፣ ታሪኩን ይዛችሁ ገባችሁ እንበል። ምን ታያላችሁ?

ዛሬ ሌሊቱን ሙሉ የሚነዳ የለም፤ ያ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየቀረ መጥቷል። አሁን ከእሁዱ በቀር ማታ ማታ ነው፣ ፕሮግራሙ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይደርሳል። ወደ 12 ጥንድ ይሰለፋል። የተለያየ አጭር ውድድር አለ፦ ነጥብ መሰብሰብ፣ ከኋላ የቀረው የሚወጣበት፣ በሰዓት የሚለካ ነጠላ ዙር፣ ከአሯሯጭ ሞተር ኋላ የሚደረገው። ዋናው ግን ማዲሰኑ ነው። ውጤቱ በዙር ነው የሚለየው፤ ብዙ ዙር የደረበ ይመራል። ዙር እኩል ከሆነ ነጥብ ይታያል፣ 100 ነጥብ የሞላለት ጥንድ ደግሞ አንድ ዙር በምርቃት ያገኛል። ይህችን ብቻ ያወቀ ሰው ሰሌዳውን ማንበብ ይችላል። የማያውቅ ግን ምንም አይገባውም፣ አስረጂም አያገኝም፤ አስተዋዋቂው በአገሬው ቋንቋ በፍላሚሽ እየጮኸ ነው፣ ሙዚቃው ከላይ አለ። ነጥብ የምቀንስበት የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው።

ማዲሰን ሲጀመር ቢራችሁን አስቀምጡና እጃቸውን ተመልከቱ። አንዱ ከታች፣ ከመሙ ሥር በሙሉ ኃይሉ ይነዳል። ጓደኛው ከላይ፣ በአጥሩ ጥግ ቀስ ብሎ እያረፈ ይዞራል። ተራው ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከኋላ የሚመጣው ጓደኛው እጁን ይዘረጋል፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ከዚያ የሚመጣው የያዘውን እጅ ስቦ ወደፊት ይወረውረዋል፣ ፍጥነቱን ሁሉ ሰጥቶት እሱ ይቀራል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ እጃቸው መሪ ላይ ነው፣ ፍሬን የለም፣ በግራ በቀኝ ሌሎች ጥንዶች ያንኑ እያደረጉ ነው። መሙ ላይ 24 ሰው አለ፣ ዙሪያው 166 ሜትር። ግማሹ ይበርራል፣ ግማሹ ያዘግማል። እንዴት እንደማይጋጩ እስካሁን አልገባኝም።

አንዳንዴ ይጋጫሉ። በኖቬምበር 2006፣ በዚሁ መም ላይ፣ ስፔናዊው ኢሳክ ጋልቬዝ ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ተነካክቶ ከአጥሩ ጋር ተጋጨና ሞተ። በዚያው ዓመት ከጆአን ያኔራስ ጋር የማዲሰን የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ውድድሩ እዚያው ቆመ፣ አሸናፊ የሚባል የለም። በ2021 ደግሞ ብሪታኒያዊው ዝነኛ ብስክሌተኛ ማርክ ካቨንዲሽ ክፉኛ ወድቆ የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባው ተጎድቶ ሆስፒታል ገብቷል። "ትዕይንት ነው፣ ተስማምተው ነው የሚነዱት" የሚል ሰው ስሰማ እነዚህ ሁለቱ ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

በርግጥ ሐሜቱ ከባዶ አልመጣም። በድሮ ጊዜ ትልልቆቹ ስሞች ተማክረው ውድድሩን እንደፈለጉ እንደሚዘውሩት በግልጽ ይወራ ነበር፤ እሁድ ፍጻሜው ላይ ሦስት አራት ጥንድ በእኩል ዙር ላይ ሆኖ መገኘቱም ለአዘጋጁ ሁልጊዜ ይመቻል። እኔም ሐሙስና አርብ ላይ አንዳንዱ ማምለጥ ትንሽ ሲመቻች ይታየኛል። ግን የእግር አቅም የሌለው ሰው ተስማምቶም አይነዳውም። እሁድ ላይ ደግሞ ጨዋታ የለም፣ ፊታቸውን ማየት ይበቃል።

የአሯሯጭ ሞተሩ ነገር ደግሞ ልዩ ፍቅር ነው። ደርኒ ይባላል። ትንሽ ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ነው፣ ነጂው ሞተሩንም ያዛል፣ ፔዳሉንም ይረግጣል። ብዙዎቹ ነጂዎች ጠና ያሉ፣ ቦርጫም ሰዎች ናቸው፤ ቦርጩም ጥቅም አለው፣ ነፋሱን ይከልላል። ብስክሌተኛው ከኋላቸው ይለጠፋል። ሲቀድሙ ቀስ ብለው ነው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ሁለት ዙር ሙሉ ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ። የቤንዚኑ ሽታ አዳራሹን ይሞላዋል። ለአስም ታማሚ አልመክርም።

የት ልቀመጥ? ሁለት ምርጫ አለ። ዳር ዳሩ ወንበር ነው፣ ከላይ ሆኖ ውድድሩን በደንብ ያሳያል። መሃሉ፣ መሙ የከበበው ሜዳ፣ መቆሚያ ነው፤ መጠጡም፣ ጭፈራውም፣ ተማሪውም እዚያ ነው። የውድድሩን መልክ ማየት የፈለገ ወንበር ይግዛ። ጉዱን ማየት የፈለገ መሃል ይግባ። መሃል ቆማችሁ ውድድሩን ለመከታተል ከሞከራችሁ ግን አንገታችሁ ይዞራል፣ ከፊታችሁ ረጃጅም ፍላማውያን ይደረደራሉ፣ ግማሾቹ ደግሞ ጀርባቸውን ለመሙ ሰጥተው ወሬ ላይ ናቸው። የአገሬው ሰው የሚያፍርበት ነገር አይደለም፣ እንደዚያ ነው ልምዱ። ተወዳዳሪዎቹም እዚያው አጠገባችሁ፣ በጠባብ ክፍላቸው ውስጥ፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ሲታሹ ታዩአቸዋላችሁ። የዓለም ሻምፒዮን በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሙዝ ሲልጥ የሚታይበት ሌላ ስፖርት ካለ ንገሩኝ።

የጌንት ልጅ ሲያሸንፍ የሚሆነውን በቃል ማስረዳት ይከብዳል። ኢልዮ ኬይሰ የከተማው ልጅ ነው፣ 7 ጊዜ አሸንፏል፣ አባቱም እዚያው ከተማ መጠጥ ቤት ነበረው። እሱ መሙ ላይ ሲወጣ የነበረው ጩኸት ለሌላ ለማንም አይጮህም። በ2022 እዚሁ መም ላይ ነው መንዳት ያቆመው። ብራድሊ ዊጊንስም ባለ ታሪክ ነው። የተወለደው እዚሁ ጌንት ነው፣ በ1980፤ አባቱ ጋሪ አውስትራሊያዊ የስድስት ቀን ተወዳዳሪ ስለነበር። ልጁ እንግሊዝ አድጎ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈና በ2016 ተመልሶ መጥቶ፣ ከካቨንዲሽ ጋር ጌንትን አሸንፎ ብስክሌቱን ሰቀለ። በሌላ ከተማ ሊጨርስ ይችል ነበር።

ሌላው ቅር የሚለኝ የሴቶቹ ነገር ነው። ሴቶች ይወዳደራሉ፣ ቤልጂየማዊቷን የዓለም ሻምፒዮን ሎተ ኮፔኪን የመሰለች ሰው እዚህ መም ላይ ታይታለች። ግን ዋናው መድረክ አሁንም የወንዶቹ ነው። የሴቶች ማዲሰን በ2021 ከተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ጀምሮ የኦሎምፒክ ውድድር ሆኖ ሳለ ለምን ስድስቱንም ቀን በእኩል እንደማይሰጣቸው አይገባኝም። አዳራሹ ይጠባል፣ ፕሮግራሙ ይረዝማል ይሉ ይሆናል። እንግዲያው ከዲጄው ሰዓት ይቀነስ።

ለምን ጌንት፣ ሌላ ቦታ የለም ወይ ለሚል፦ አለ፣ ግን እየቀነሰ ነው። የጀርመኑ ዶርትሙንድና ሽቱትጋርት በ2008፣ ሙኒክ በ2009 ዘጉ። ለንደን በ2015 እንደገና አስነስታው ነበር፣ እሱም አልቆየም። አንዳንዶቹ ደግሞ ስሙን ይዘው ቀኑን አሳጥረውታል። ጌንት ስድስቱንም ቀን ይዛ ቆማለች፤ በ2020 በኮሮና ምክንያት ከመቅረቱ በቀር። እኔ የምጠረጥረው ምክንያት የአዳራሹ ትንሽነት ነው። ትልቅ አዳራሽ ባዶ ወንበር ያሳያል፣ ይሄኛው ግን ቶሎ ይሞላል፣ ጩኸቱም መውጫ የለውም።

በቁጥር ከተባለ ከ10 8 እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት አንዱን ለአዲስ ሰው ማብራሪያ ስለሌለ፣ አንዱን ለሴቶቹ ነው።

ቀን ስትመርጡ፦ ማክሰኞ ቀለል ያለ ነው፣ ልጅ ይዞ ለሚመጣና ሕጉን ለመልመድ ለሚፈልግ ይሆናል። አርብና ቅዳሜ ድግሱ ውድድሩን ይውጠዋል፣ ከጓደኛ ጋር ከሆነ አሪፍ ነው፣ ለብቻ ግን ይደክማል። እሁድ ፍጻሜው በቀን ስለሆነ የመጨረሻ ባቡር ያመልጠኛል ብሎ መጨነቅ የለም፣ ቲኬቱ ግን ቀድሞ ያልቃል። ቲኬቱን በቀጥታ ከአዘጋጆቹ ግዙ፤ መልሰው ከሚሸጡት አትግዙ፣ እኔን ለመቆሚያ ቦታ የወንበር ዋጋ አስከፍለውኛል። ለልጆች የጆሮ መከላከያ ያዙ፣ ካፖርታችሁን ደግሞ ቀለል ያለ አድርጉት፤ ውጭው ኖቬምበር ቢሆንም ውስጡ ያልባል።